አዲስ 29 ወይስ ያገለገለ 26? የመጀመሪያ የተራራ ሳይክል ለሐዋሳ ሰው

ሻጩ ቁመታችሁን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ለአንተ 29፣ ለእሷ 26 ይበቃታል» ይላል። 29 እና 26 ግን በኢንች የሚጠሩ የጎማ ቁጥሮች ናቸው። የሳይክሉን ልክ የሚወስነው ፍሬሙ ነው፤ እሱም የራሱ ቁጥር አለው። ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቱቦ ላይ 15፣ 17፣ 19 ተብሎ በኢንች፣ ወይም ኤስ፣ ኤም፣ ኤል ተብሎ ይለጠፋል። ጎማው 29 ሆኖ ፍሬሙ ለአጭር ሰው የተሠራ አለ፤ ጎማው 26 ሆኖ ለዘንካታ ሰው የሚበቃም አለ።

ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ መቀመጫው፣ ፍሬኑ ሳይቀር እጅ ሲፈታ አንድ በአንድ ይቀየራል። ልክ ያልሆነ ፍሬም ግን ምንም ቢደረግለት ልክ አይሆንም። ስለዚህ ጀማሪ ገዢ የሚያመነታባቸውን ሁለቱን፣ ማለትም አዲሱን ርካሽ ባለ 29 እና ከውጭ የገባውን ያገለገለ ባለ 26፣ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የምጀምረው ከልክ ነው። ሁለቱም ፊታቸው ሾክ ያለው፣ ኋላቸው ድርቅ ያለ ሃርድቴይል ናቸው። ከኋላም ሞላ የተገጠመለትን ርካሽ ሳይክል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ይከብዳል፣ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ሞላው ጉልበት ይሰርቃል፣ መገጣጠሚያው ሲላላ ደግሞ መለዋወጫ ፍለጋው ራስ ምታት ነው።

ልክ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የእግራችሁን የውስጥ ርዝመት ለኩ። ጫማ አውልቁ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭናችሁ መካከል ወደ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከመጽሐፉ የላይ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ይህን በ0.883 ስታባዙት ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ማዕከል እስከ መቀመጫው አናት ሊኖር የሚገባው ከፍታ በግምት ይገኛል። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ስሌቱ የመጣው ከአስፋልት ውድድር ነው፤ ለተራራ ሳይክል አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ቁልቁለት ላይ ይመቻል።

ለፍሬሙ መነሻ የሚሆነው ቁመት ነው። ከ155 እስከ 165 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 15 ወይም 16፣ እስከ 175 ድረስ 17 ወይም 18፣ እስከ 185 ደግሞ 19 አካባቢ ይሆናል። የአምራቹ ሰንጠረዥ ከተገኘ ግን እሱ ይቀድማል። ከሁሉም በላይ ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ፣ ጫማ እንዳደረጋችሁ፣ መሬት ላይ ቁሙ። በላይኛው ቱቦና በጭናችሁ መሃል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካልኖረ ያ ሳይክል የእናንተ አይደለም። ድንገት ከመቀመጫው ወደ ፊት ወርዳችሁ መቆም ያለባችሁ ቀን ምክንያቱ ግልጽ ይሆንላችኋል።

ቀጥሎ መቀመጫውን ወደ ልካችሁ ከፍ አድርጉ። የመቀመጫው ቱቦ ላይ «ከዚህ በላይ አታውጡ» የሚል መስመር አለ፤ እሱ ብቅ ካለ ፍሬሙ አንሷችኋል። ተቀምጣችሁ መሪውን ስትይዙ ክርናችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ ትከሻችሁ ከተወጠረ ፍሬሙ ረዝሟችኋል። በሁለት ልክ መካከል ብትወድቁ እኔ ትንሹን እላለሁ። የትንሹ መቀመጫ ከፍ ይላል፣ የትልቁን የላይኛ ቱቦ ግን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

በዚህ ሚዛን ያገለገለው ባለ 26 የተሻለ ዕድል ይሰጣል፤ ከተለያየ ሰው እጅ ስለሚመጣ ልኩም የተለያየ ነው። አዲሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ልክ ብቻ ነው የሚደረደረው፤ ለመካከለኛ ቁመት ደህና ነው፣ ለአጭርም ለረጅምም ግን ጣጣ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የድሮ ፍሬም ወደ ፊት አጠር ይላል፣ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ብረት ግን ረጅም ነው፤ የአሁኑ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ የድሮው 18 እና የዛሬው 18 ላይ ስትቀመጡ ስሜቱ አንድ አይደለም።

ጎማ

ኮብልስቶን ላይ 29 ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም። ትልቅ ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ከመውደቅ በላዩ ያልፋል። የውድድሩ ዓለምም ፊቱን ያዞረው በዚህ ነው፦ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሎምፒክ በወንዶች የተራራ ሳይክል ውድድር ወርቁን የወሰደው ቼካዊው ያሮስላቭ ኩልሃቪ በ29፣ ብሩን የወሰደው ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር በ27.5 ጎማ ነበር። 26 ከዚያ ወዲህ ከውድድር ሜዳ እየጠፋ ሄዷል።

ቁመቱ ከ160 በታች ለሆነ ሰው ግን 29 ፊቱ ከፍ ይልበታል፣ ጠበብ ባለ ኩርባ ላይም የጫማው ጫፍ የፊት ጎማውን ሊነካ ይችላል። ለታቦር ተራራ ዳገት ደግሞ ቀለል ያለ 26 ከቆመበት ቶሎ ይነሳል። ጎማ ስትገዙ የምታነቡት ጎኑ ላይ የታተመውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው፦ 559 የ26፣ 584 የ27.5፣ 622 የ29 ነው። ሻጩ «ይገባል» ቢልም ቁጥሩ ካልተመሳሰለ አይገባም።

ሾክና ፍሬን

ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው የፊት ሾኩ ላይ ነው። የአዲሱ ርካሽ ሳይክል ሾክ የብረት ሞላ ነው፤ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ሥራውም ከስሙ ያነሰ ነው። ያገለገለው ላይ የንፋስ ሾክ ካገኛችሁ ቀላልና ምቹ ነው፤ ግን የውስጥ ላስቲክ ማሸጊያዎቹ አርጅተው ከሆነ ንፋሱ ያመልጣል፣ ለመሙላትም ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ልዩ ፓምፕ ይፈልጋል። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች ግፉት፤ ገብቶ ካልተመለሰ፣ ወይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትነቀንቁት ከተንቀጫቀጨ ተዉት።

ከአላሙራ ተራራ ስትወርዱ የሚያድናችሁ ፍሬኑ ነው። በሽቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ለጀማሪ ይበቃል። ያገለገለው ባለ 26 ላይ የሚበዛው ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው የድሮው ዓይነት ነው፤ በበጋ ከርካሽ ዲስክ አያንስም፣ በክረምት ጭቃ ግን ይዳከማል። የዘይት ፍሬን ከገጠማችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ሺማኖ የሚባለው የጃፓን አምራች ፍሬን የሚጠጣው ማዕድን ዘይት ነው። የመኪና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት ከገባበት የፍሬኑን የውስጥ ላስቲክ ማሸጊያዎች ያበላሻቸዋል።

የኋላው ጎማ መሃል

ማንም ሳያየው የሚያልፈው ይህ ነው። የኋላ ጥርስ ቀለበቶቹ 7 ከሆኑ ስብስቡ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚገባ ዓይነት ነው፤ በዚያ አሠራር የቀኝ ኩሽኔታው ከዘንጉ ጫፍ ርቆ ወደ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ከባድ ሰው ወይም ኮብልስቶን ዘንጉን ያጣምመዋል፣ ይሰብረዋልም። 8 ወይም 9 ከሆኑ ብዙ ጊዜ ካሴት፣ ማለትም ሳይጠመዘዝ ተንሸራቶ የሚገባ ስብስብ ነው፤ ኩሽኔታው ወደ ጫፉ ስለሚጠጋ ዘንጉ ይጠነክራል። ጎማውን አንሱና አሽከርክሩት፤ የጥርሶቹ ስብስብ እንደ ሰካራም ከተወላገደ ዘንጉ ታሟል። ደህና ያገለገለ 26 ርካሹን አዲስ 29 በግልጽ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጥገና ባጭሩ፦ የንፋስ መሙያው ወፍራም የሆነውን ካላማዳሪ ምረጡ። የባጃጅ ጎማ የሚሞላ ጎሚስታ ሁሉ ይሞላዋል፤ ቀጭኑ ማገናኛ ይፈልጋል። ማግኔት የሚይዘው የብረት ፍሬም ቢሰነጠቅ ሰፈር ያለ በያጅ ይሞክረዋል፤ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ግን በማንኛውም ዋጋ አትግዙ።

ታዲያ የትኛው?

ቁመታችሁ ከ165 እስከ 178 አካባቢ ሆኖ ሥራችሁ ኮብልስቶንና አስፋልት ላይ ከሆነ፣ 17 ወይም 18 ፍሬም ያለውን አዲስ 29 ውሰዱ፤ ከሾኩ ጌጥ ይልቅ የዲስክ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ፈትሹ። ከ160 በታች ለሆነች እህት ወይም ለታዳጊ ያገለገለው 26 ይሻላል፣ 27.5 ከተገኘማ ያለ ማመንታት እሱን። ከ180 በላይ የሆነ ሰው አዲሱ ሱቅ ውስጥ 19 ወይም 20 ካላገኘ ይታገስ፤ በ17 ላይ ተጣጥፎ የሚነዳ ሰው ወንዶ ገነት ሳይደርስ ጉልበቱን ያመዋል። ዳገት የምትወዱ ደግሞ ካሴት ያለው፣ ዘንጉ ያልተጣመመ ያገለገለ 26 ፈልጉ፤ ከአዲሱ የተረፈችውን ብር ለጥሩ ጎማ፣ ለፓምፕና ለእሾህ መለጠፊያ አውሏት።