አናኮስቲያ ላይ ካያክ፦ ሰዓቱን ካወቃችሁበት ከፖቶማክ ይሻላል

ዲሲና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ኒውዮርክ አቬኑ ላይ ስንመላለስ ከድልድዩ ስር ያለውን የአናኮስቲያን ወንዝ ዞር ብሎ የሚያይ ያለ አይመስለኝም፣ ስሙም የሚነሳው በቆሻሻ ነው። እኔ ግን አሁን ሰው ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳውን ትንሽ ጀልባ) የት ልሞክር ሲለኝ አናኮስቲያ ነው የምለው። ከብላደንስበርግ ወተርፍሮንት ፓርክ ተነስቶ ፖቶማክ ወንዝ እስኪገባ 9 ማይል ነው፣ ካያክ ከሌላችሁ ሲዝኑ ሲሆን እዛው ይከራያል።

ዋናው ነገር ታይድ (የባህሩ ሙላትና ጉድለት) ነው። ባህሩ ሩቅ ቢሆንም ወንዙ እስከ ብላደንስበርግ ድረስ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ሲጎድል ዳር ዳሩ ጭቃ ስለሚሆን ኬኒልዎርዝ ረግረግ ውስጥ መግባት የለም። ሊሞላ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ተነሱና በግራ በኩል ወደ ረግረጉ ታጠፉ፣ ሽመላው ዓሣ እየጠበቀ ቆሟል፣ ኤሊዎቹ ግንድ ላይ ተደርድረዋል፣ ቀና ካላችሁ ደግሞ ራሰ ነጩ ንስር አለ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ዲሲ ውስጥ ነው! ሎተሶቹ (የውሃ አበቦቹ) ያሉት ግን ከረግረጉ አጠገብ ባሉት ኩሬዎች ነው፣ እሱን በሐምሌ በእግር ሂዱና እዩት።

ጭቃው ራሱ ታሪክ አለው። ብላደንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1742 የተቆረቆረ ወደብ ነበር፣ ትምባሆ የሚጭኑ የባህር መርከቦች እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር፣ ለትምባሆው ብለው ጫካውን ሲመነጥሩት አፈሩ እየታጠበ ወንዙን በደለል ሞላው፣ ወደቡም በዛው ቀረ። በ1814 እንግሊዞች የአሜሪካንን ጦር እዚሁ ብላደንስበርግ አሸንፈው የዛኑ ቀን ማታ ዋይት ሀውስን አቃጠሉ።

ከ5 ኮከብ 4 የምሰጠው በንፅህናው ነው። ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ የሚይዙት ትልልቆቹ የመሬት ውስጥ ዋሻዎች በ2018 እና በ2023 ከተከፈቱ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ ግን ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ፕላስቲኩም ፍሳሹም ስለሚወርድ አትሂዱ። ዲሲ ሱቅ ውስጥ ለፌስታል የምትከፍሏት 5 ሳንቲም አብዛኛዋ ከ2010 ጀምሮ ለዚህ ወንዝ ማፅጃ ነው የምትገባው፣ ሱቅ ያላችሁ ወገኖች ለደንበኛ ንገሩልን።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ላይፍ ጃኬት አይውለቅ፣ ለመመለስም ውሃው መጉደል እስኪጀምር አትጠብቁ፣ ከዛ በኋላ ሽቅብ መቅዘፍ ክንድ ይጨርሳል።