ፋኑን ማጽዳት ወይስ መቀየር?

የኮምፒውተርዎ ፋን (ማቀዝቀዣ ማራገቢያ) የሚጮኽ ከመሰለዎት፣ መጀመሪያ ጩኸቱን እንለይ። ኬዙን ከፍተው የሚዞረውን ፋን መሃሉ ላይ ለአፍታ በጣትዎ ያዝ ያድርጉት (የፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን፣ ግን እንዳይነኩ!)። ጆሮ የሚበሳው ቀጭን ፉጨት ካልቆመ ፋኑን አይውቀሱት፤ የሚያፏጨው ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ካርዱ ወይም የፓወር ሰፕላዩ ጥቅል ሽቦ ነው። ጌም ላይ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) 60 ላይ መገደብ ብዙ ጊዜ ፉጨቱን ያበርደዋል።

ማጽዳት፦ ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃል። በብሎወር ከነፉ ክንፉን ይያዙት፤ ከልክ በላይ ከዞረ ይጎዳል።

መቀየር፦ ብር ያስወጣል፣ ልክ ማወቅም ይጠይቃል። ኬዙ ከፈቀደ ከ80 ሚሊሜትር ይልቅ 120ውን እመርጣለሁ፤ ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ አየር ይገፋል።

ሲሞቅ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ማጽዳቱን ይሞክሩ። ገና ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያንገራግር ከሆነ ግን ኩሽኔታው አልቋል፣ ይቀይሩት።