ስለ አቪዮኖች የተዘጋጀ ጥራዝ ፔዳ አካባቢ ሲታተም፦ ጥራዙ ጠንካራ፣ ምልክቶቹ አሳሳቢ

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ህትመት ቤቶች ስለ አቪዮኖች የተዘጋጀው ጥራዝ የታተመበት ቤት የጥራዝ ሥራው ያስመሰግናል። ሙጫው እኩል ተቀብቷል፣ ቅጠል አይነቀልም፣ 80 ግራም ወረቀቱም የጀርባውን ጽሑፍ አያሳልፍም። ለአማርኛ መመረቂያ ጽሑፍ ዓይን ጨፍኖ መስጠት ይቻላል። ላቲንና አማርኛ ፊት ለፊት የሚቆሙበት፣ አቪዮኖች የተባለ የአንድ ጥንታዊ ጀርመናዊ ነገድን ስም አመጣጥ የሚመረምር ጥራዝ ሲሆን ግን ሥራው ሌላ ነው።

አቪዮኖችን የምናውቃቸው በጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። ሮማዊው ታሲተስ በ98 እ.ኤ.አ. ግድም በጻፈው «ገርማኒያ»፣ ምዕራፍ 40 ላይ፣ ሰባት ነገዶችን ሲዘረዝር በሁለተኛነት ይጠራቸዋል። ወንዝና ጫካ እንደሚከልላቸው፣ ኔርቱስ የምትባለውን እናት ምድር ከሌሎቹ ጋር እንደሚያመልኩ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ትልቁ ማስረጃ ስማቸው ራሱ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት *አውዮ ከሚል ሥር ያመጡታል፤ ደሴት ወይም ውሃ ዳር ያለ ለምለም መሬት ማለት ነው። አቪዮኖች እንግዲህ «ደሴተኞች» ናቸው፤ የጣናን ደሴቶች ደቅንና ዳጋን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። የእንግሊዝኛው «አይላንድ» የመጀመሪያ ክፍልም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

ከሥሩ ፊት ያለችው ኮከብ ትርጉም አላት፦ ቃሉ የትም ተጽፎ አልተገኘም፣ እህትማማች ቋንቋዎችን በማነጻጸር የተመለሰ ነው። ከጠፋች ግምቱ እንደ ሰነድ ይነበባል። በሙከራው ቅጂ የሆነውም ይኸው ነው፤ ኮከቧ የግርጌ ማስታወሻ ምልክት መስላ ተነስታለች፣ በላቲኑ «ኦ» ላይ የምትሰመረው ሰረዝ ያለችበት ፊደልም ባዶ ሳጥን ሆኗል። የሳጥኑ ምክንያት ግልጽ ነው። ፋይሉ በዎርድ ሲሰጥ ሙሉው ተመርጦ ዩኒኮድ ወዳልሆነ የድሮ ግዕዝ ፎንት ይቀየራል፤ ያ ፎንት የላቲኑን ቦታ በግዕዝ ፊደል ስለያዘው «አቪዮኔስ» የሚለው የላቲን ቃል ትርጉም የለሽ የግዕዝ ፊደላት ድርድር ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ፋይሉን ፎንቱ አብሮ በገባበት ፒዲኤፍ ውሰዱ። ለግዕዙ አቢሲኒካ፣ ለላቲኑ ጄንቲየም የተባለው ፎንት ይበቃል። ሥሮቹ ያሉበትን አንድ ገጽ አስቀድማችሁ አሳትሙና ኮከቦቹን በጣት እየጠቆማችሁ ቁጠሩ፤ ስክሪን ላይ ማየት አይተካውም።

ላቲኑ በጥንድ ቁጥር ገጽ ይጀምር። ሽፋኑ እንደ ገጽ 1 ከተቆጠረ ሁሉም በአንድ ይዘላል፣ ትርጉሙም ከፊት ለፊት መሆኑ ቀርቶ ከቅጠሉ ጀርባ ይሄዳል። መሃሉ በስቴፕለር የሚመታ ከሆነ የገጹ ብዛት ለ4 ይካፈል። ለስፓይራል በውስጥ በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ተዉ።

የህትመት ቤቱ ደካማ ጎን ካርታው ነው። በጥቁርና ነጭ ሲወጣ የዴንማርክ ጠረፍና ባሕሩ አንድ ግራጫ ይሆናሉ፤ ባሕሩን ነጭ፣ ምድሩን በነጠብጣብ አድርጋችሁ ስጡ። በክረምት ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ስለሚጣመም ማሽኑ ይይዘዋል፣ ስለዚህ አዲስ እሽግ እንዲከፈት ጠይቁ። በሙጫ የተጠረዘውንም ሳይቀዘቅዝ ገልጣችሁ አትዘርጉት፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደር።