ቱሊፕ፣ አማሪሊስ፣ ዳፎዲል ወይስ ሃያሲንት?

አራቱም ከመሬት በታች እንደ ሽንኩርት ካለ ራስ የሚበቅሉ አበቦች ናቸው። ያለወቅታቸው እንዲፈኩ ቱሊፕ፣ ዳፎዲልና ሃያሲንት መጀመሪያ ለሳምንታት ብርድ ላይ ይቆያሉ። ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ ሙቀት ሲያገኝ ብርዱ ያለፈ ይመስለውና ያብባል። አማሪሊስ የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ብዙ ገዢ በቀለም ይመርጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አበባው ተቆርጦ ማስቀመጫ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው።

በዚህ በኩል ቱሊፕ ጉደኛ ነው። ከተቆረጠም በኋላ ማደጉን አይተውም። ማታ ከሌሎቹ እኩል አድርገው ያስተካከሉት፣ በማግስቱ በላያቸው ወጥቶ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ይጠብቅዎታል። ልቅ ያለ የአበባ ቅንብር ለሚወድ ይህ ውበት ነው። ቅርጹ ሳይዛነፍ እንዲቆይ ለሚፈልግ ደግሞ ራስ ምታት ነው። ለክብ ቅንብር የግድ ቱሊፕ ካሉ፣ ከሌሎቹ ዝቅ አድርገው ይቁረጡት። ሲገዙም ቀለሙ የታየ፣ ግን ገና ያልተከፈተ እምቡጥ ይምረጡ።

አማሪሊስ እንዲህ አያስቸግርም። አንዱ ግንድ ብዙ አበባ ስለሚይዝ ሁለት ሦስት ግንድ ትልቅ ማስቀመጫ ይሞላል፤ ከቱሊፕም ይበልጥ ይቆያል። ችግሩ ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው፣ አበባው ደግሞ ከባድ። ቀጭን እንጨት በግንዱ ውስጥ ቢያስገቡለት አይሰበርም። ለትንሽ ጠረጴዛ ግን አልመክረውም፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ይሸፍናል።

ዳፎዲል ደማቅ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ደስ ይላል። ከሌላ አበባ ጋር ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ከተቆረጠው ግንድ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ሌሎቹን፣ በተለይ ቱሊፕን፣ ቶሎ ያጠወልጋል። ለብቻው ውሃ ውስጥ ያሳድሩትና ግንዱን እንደገና ሳይቆርጡ ይቀላቅሉት። ከቆረጡት ፈሳሹ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሃያሲንት የሚገዛው ለሽታው ነው። መግቢያ በር አካባቢ ግሩም ነው፤ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ግን የምግቡን ሽታ ይውጠዋል። እሱን ከነሥሩ ቢገዙት ይሻላል። አፈሩን አጥበው ግልጽ ብርጭቆ ላይ ቢያስቀምጡት ከተቆረጠው በላይ ይቆያል፣ ሥሩም ራሱ ጌጥ ነው። ውሃው የሥሩን ጫፍ ብቻ ይንካ፤ ሽንኩርት መሰሉ ራስ ከተዘፈቀ ይበሰብሳል። ሲነኩት እጅ ስለሚያሳክክ ጓንት ያድርጉ። የአራቱም ራስ መርዛማ ስለሆነ ልጅ፣ ድመት ወይም ውሻ ካለ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ።