የአየር ባሎን ያለው ማያያዣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ከባድ ፊፍዝ ዊል ተሳቢ (አፍንጫው ፒክአፑ ካሶኒ ውስጥ ባለ ማያያዣ ላይ የሚያርፍ ተሳቢ) የምትጎትቱ ወይም ለመጎተት የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ለአየር ማያያዣ ገንዘብ አትክፈሉ። እኔ ከፍያለሁ። የገንዘቡ ነገር ያናድዳል፤ ግን እሱ ይቅር። ያስደነገጠኝ፣ ቤተሰቤን አሳፍሬ ለወራት ስነዳ መኪናው ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ አለማወቄ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመናጥ ነው። ተሳቢው ባዶ ሲሆን ብዙም አይታወቅም። ሲሞላ ግን መንገዱ ትንሽ ሸካራ በሆነ ቁጥር ፒክአፑን ወደፊትና ወደኋላ ይነቀንቀዋል። ወገብ ያማል፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ያቅለሸልሻቸዋል። መላ ፍለጋ ስዞር አንድ ሻጭ ጋ ደረስኩ። “ወንድሜ፣ የአየር ባሎን ያለውን አስገባ፤ ክብደቱን ባሎኑ ይሸከምልሃል” አለኝ። የሚሸጠው ሙሉ ጥቅል ነው። የማያያዣው ጭንቅላት፣ ባሎኑ፣ ካሶኒው ላይ የሚያርፈው ላሜራ፣ መግጠሚያው ሁሉ አንድ ላይ። “እስከ 9,000 ኪሎ ይጎትታል፤ ያንተ ተሳቢ 6,000 እንኳ አይሞላም” ሲለኝ ልቤ አረፈ። ከፈልኩ፣ ተገጠመልኝ፣ ሄድኩ።

“ክብደቱን ባሎኑ ይሸከምልሃል” የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ እዚያው ላይ አስቁሙት። ልክ አይደለም።

ባሎኑ ያለው በተሳቢውና በመኪናው መሀል ነው። ከላይ የመጣበትን ኪሎ በሙሉ ወደ ታች ያሳልፋል። ሚዛን ላይ ትራስ አስቀምጣችሁ ብትቆሙበት ክብደታችሁ አይቀንስም፤ እንዲያውም የትራሱ ይጨመራል። ይህም እንደዚያው ነው። ባሎኑ የሚያደርገው ነገር ሌላ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ በአንድ ቅጽበት የሚመጣውን ምት ያለዝበዋል። ለወገብም፣ ለተሳቢው ሻንሲም፣ ውስጥ ላለው ዕቃም ጥሩ ነው። ይህን አልክድም። ግን ከመኪናው የኋላ አክስል፣ ከባሌስትራውና ከጎማው ላይ አንድ ኪሎ እንኳ አያነሳም። የእኔው ማያያዣ ራሱ 115 ኪሎ ይመዝናል። ያ ሁሉ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ የሚቀነስ ነው። ሻጩ ይህን አንዴም አላነሳም።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገረው።

ማያያዣ ሁለት የአቅም ቁጥር አለው። አንዱ የሚጎትተው የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ነው። ሌላው ደግሞ የፒን ክብደት፣ ማለትም የተሳቢው ኪንግ ፒን (ከአፍንጫው ስር ወደ ታች የወጣው፣ ማያያዣው የሚይዘው ብረት) ማያያዣው ላይ ቁልቁል የሚጥለው ኪሎ ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው። ባሎኑን የሚመለከተው ግን ሁለተኛው ነው። ፊፍዝ ዊል ተሳቢ ሲጫን ከክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ፒኑ ላይ ያርፋል። ከመኪናው ጀርባ ባለ ተራ የብረት ኳስ የሚጎተት ተሳቢ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በሰባት ቶን ላይ ይህ ልዩነት ብዙ መቶ ኪሎ ነው።

የእኔው ማያያዣ “9,000” የሚለው በሩቁ ይነበባል። የፒኑን ቁጥር ያገኘሁት ግን ከወራት በኋላ፣ ከጭንቅላቱ ስር ካለች ትንሽ ጽሑፍ ላይ ግራሳውን ጠርጌ ነው። 1,360 ኪሎ ይላል።

“ያንተ 6,000 አይሞላም” የተባልኩት ደግሞ ባዶ ክብደት ነው። ተሳቢው ከፋብሪካ ሲወጣ ውሃ የለውም፣ ጋዝ የለውም፣ ልብስና ዕቃ የለውም። በወረቀቱ ላይ 5,900 ኪሎ፣ ፒኑ 1,130 ይላል። በዚያ ቁጥር ከሄዳችሁ ሁሉም ነገር የሚበቃ ይመስላል። ባዶውን የሚጎትት ሰው ግን የለም።

ጥርጣሬ የገባኝ በድምፅ ነው። ጉብታ ሳልፍ ከኋላ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ባሎኑ ነው ብዬ አየር ጨመርኩ። ድምፁ ጠፋ፤ መናጡ ግን ከበፊቱ ባሰ። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። ባሎን የሚያለዝበው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሲኖረው ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል። አየሩ ካነሰ ተጨፍልቆ ብረቱን ያስመታል። አየሩ ከበዛ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በሁለቱም መንገድ የከፈላችሁበት ልስላሴ የለም።

በመጨረሻ የከባድ መኪና ሚዛን ጋ ሄድኩ። እባካችሁ ይህን እናንተም አድርጉ፤ ቀላል ነው። መጀመሪያ ተሳቢውን ፈታችሁ፣ ነዳጁን ሞልታችሁ፣ ሰዎቹንና ዕቃውን ይዛችሁ መኪናውን ብቻ መዝኑ። ከዚያ አያይዛችሁ ተመለሱና የመኪናው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ፣ የተሳቢው ጎማዎች ከሚዛኑ ውጭ እንዲሆኑ አድርጋችሁ ቁሙ። ልዩነቱ የፒኑ ክብደት ነው። ሁሉንም አንድ ላይ መዝናችሁ የመኪናውን የብቻ ክብደት ስትቀንሱ ደግሞ የተሳቢው ጠቅላላ ይወጣል።

የእኔ መኪና ለብቻው 3,620 መጣ። ተያይዞ 5,210። ፒኑ 1,590 ኪሎ ነው ማለት ነው። ተሳቢው በጠቅላላ 7,100 ሆነ። የባሎኑን አቅም በ230 ኪሎ አልፌዋለሁ። የመኪናው በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ከፍተኛ ክብደት 4,990 ስለሆነ መኪናውንም በ220 ኪሎ አልፌዋለሁ። ወረቀቱን ይዤ ጋቢና ውስጥ ቁጭ አልኩ። የኋላ ጎማ ቢፈነዳብኝ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢግልብኝ ብዬ እያሰብኩ ነበር። ልጆቹ ከኋላ ይሳሳቃሉ።

ወደ ሻጩ ተመለስኩ። መጀመሪያ “አየሩን አስተካክለው” አለኝ። የሚዛኑን ወረቀት ሳሳየው “እኛ የሸጥንልህ ማያያዣ እንጂ መኪና አይደለም” አለ። ልመልስ ስል ደግሞ አንዴ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም ተባለ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፎ ኖሯል። ስትገዙ የደረሰኙን ጀርባ ቆማችሁ አንብቡ። የፒኑንም ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል “አታስብ” የሚል ሰው በጽሑፍ ሲጠየቅ ፊቱ ይለዋወጣል።

ሌላው የተታለልኩበት ነገር አሞርዛተር ነው። የእኔው ጥቅል ባሎን ብቻ ነበረው። ባሎን ምቱን ይቀበላል፤ ከዚያ ግን መልሶ ያነጥራል። ያንን መንጠር የሚያቆመው አሞርዛተር ነው። መኪና ላይ ከባሌስትራው ወይም ከሞላው ጎን አሞርዛተር የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ያለ እሱ አንድ ጉብታ ካለፋችሁ በኋላ የተሳቢው አፍንጫ ደጋግሞ ይወዛወዛል። ስለዚህ ሲያሳዩዋችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አሞርዛተር ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

የሚያናድደው ደግሞ፣ የእኔ መናጥ ዋና ምክንያቱ ቀድሞውንም የባሎን እጦት አልነበረም። አንድ ልምድ ያለው መካኒክ የድሮውን ማያያዣ አይቶ ወዲያው ነገረኝ። ኪንግ ፒኑን የሚይዘው መንጋጋ ተበልቷል። ፒኑ 50.8 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ መንጋጋው ግን ሰፍቷል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ፒኑ ወደፊትና ወደኋላ ይመታል። ፍሬን ስይዝ “ቋ”፣ ነዳጅ ስሰጥ “ቋ”። ይህን ልቅነት አየር አይሞላውም። መንጋጋውን ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው መፍትሄው፤ ዋጋውም ከአየር ማያያዣ ጋር አይወዳደርም። እናንተም መናጥ ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ይህን አስፈትሹ። የተሳቢው ፍሬን በደንብ መስተካከሉንም እዩ፤ ዘግይቶ የሚይዝ ፍሬን መኪናውን ከኋላ ይገፋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አጣርታችሁ አሁንም አየር ያለው ከፈለጋችሁ፣ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ካሶኒው ውስጥ የሚቀመጥ ማያያዣ ነው። ሁለተኛው ተሳቢው ላይ የሚገጠም፣ ኪንግ ፒኑን የያዘው ፒን ቦክስ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ክብደቱ ፒኑ ላይ ማረፉ ባይቀርም፣ የድሮውን ፒን ቦክስ ስለሚተካ ካሶኒው ውስጥ ከባድ ብረት አይጨምርም፤ መኪና ብትቀይሩም አብሮ ይቀጥላል። ግን የተሳቢው ሻንሲ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለበት። በብየዳ “እናስተካክለዋለን” ካሏችሁ አትስማሙ። ለተሳቢያችሁ የፒን ክብደት የተሠራ መሆኑንም አረጋግጡ። አቅሙ ከሚገባው በላይ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ባሎኑ አይሠራም፤ ደረቅ ብረት ይሆንባችኋል። ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ላይ መደራረብ ደግሞ አምራቾቹ ካልፈቀዱ አይሞከርም።

አጭር ካሶኒ ያላችሁ፣ ርዝመት ለኩ። ብዙ ተሳቢዎች 2.44 ሜትር ገደማ ወርድ አላቸው፤ ግማሹ 1.22 ነው። ከፒኑ መሀል እስከ ጋቢናው ጀርባ ያለው ርቀት ከዚያ ካነሰ፣ በጠባብ መታጠፊያ የተሳቢው ጥግ የኋላ መስታወታችሁን ይሰብራል። አንዳንድ ተሳቢ ጥጉ የተቆረጠ ስለሆነ ያመልጣል፤ የእናንተን ራሳችሁ ለኩት። ቁመቱንም እንዲሁ። ከካሶኒው ጠርዝ በላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ባሎኑ አየር ሲያጣ ተሳቢው ስለሚወርድ፣ ልኩን አየሩን አስወጥታችሁም እዩት። እኔ ያላየሁት ይህን ነው። አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት አየሩ ወርዶ የካሶኒው ጠርዝ ተጨራመተ። ብርድ የአየሩን ግፊት ይቀንሳል፤ ከጉዞ በፊት ሁልጊዜ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

ተሳቢው ካሶኒው ውስጥ ባለ ኳስ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገውን ረጅም አስማሚም “ቀላል ነው” ብለው ሊጨምሩላችሁ ይችላሉ። የእኔው ሻጭ ሞክሯል። ፒኑ ወደ ታች በረዘመ ቁጥር የተሳቢውን ሻንሲ የሚጠመዝዘው ጉልበት ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ዋስትና የሚሰርዙ የተሳቢ አምራቾች አሉ። ከመግጠማችሁ በፊት የራሳችሁን አምራች ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ያገለገለ ወይም “ታድሶ የተሸጠ” ከሆነ ደግሞ የአቅም ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በሰሜን አሜሪካ የዚህ ዓይነት ማያያዣ ጥንካሬ የሚፈተሽበት መለኪያ ኤስኤኢ ጄ2638 ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 55ን በሚከተሉ አገሮች ደግሞ በሰሌዳው ላይ ዲ እና ዩ የተባሉ ሁለት እሴቶች ይጻፋሉ፤ ዩ የሚለው ቁልቁል የሚያርፈው ነው። ሰሌዳው የተፋቀ፣ ቀለም የተቀባበት ወይም የጠፋ ከሆነ አትንኩት። የእኔው ላይ አዲስ ቀለም ነበር። ከወራት በኋላ ቀለሙ ስንጥቅ ሲያወጣ ስር ያለው ብየዳ ላይ የድሮ ጥገና ታየ።

ማንኛውንም አዲስ ማያያዣ ስታስገጥሙ አንድ ነገር በፍጹም አትዝለሉ። የተሳቢውን ጎማዎች በታኮ አስይዙ፣ ተሳቢው የሚቆምባቸውን እግሮች ሳታነሱ በቀስታ ወደፊት ሳቡ። አንዳንዴ ፒኑ ከመንጋጋው በላይ ተቀምጦ የተያዘ ይመስላል። ይህ ሙከራ ካልተደረገ መንገድ ላይ ወጥቶ ይወድቃል። ድንገት ቢለያይ ፍሬን የሚያስይዘውን ገመድ ደግሞ ማያያዣው ላይ ሳይሆን መኪናው ላይ እሰሩ። ማያያዣው ራሱ ቢነቀል ገመዱ አብሮ ይሄዳልና።

እኔ አሁን ከተሳቢው ፊት ካለው ማስቀመጫ ጄነሬተሩን፣ ትርፍ ባትሪዎቹንና የመሣሪያ ሳጥኖቹን አውጥቻለሁ። ከፊት የሚቀመጥ ዕቃ አብዛኛው ክብደቱ ፒኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ውሃውንም ስደርስ ነው የምሞላው። 75 ኪሎ የሚመዝን ተራ ማያያዣ፣ መንጋጋው ጥብቅ የሆነ፣ አስገባሁ። እንደገና ስመዝን ተሳቢው 6,400፣ ፒኑ 1,330፣ መኪናው ተያይዞ 4,910 መጣ። 80 ኪሎ ተረፈኝ። መናጡም በአብዛኛው ጠፍቷል፤ ያለ ምንም ባሎን።

የአየር ማያያዣው ግቢዬ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሁለት ሰዎች ሊገዙኝ ጠይቀው ነበር። ብየዳውን አሳየኋቸውና መለስኳቸው። ለብረት ቆራጭ እሰጠዋለሁ።