ለልጃችን በጀርመን የኪራይ ቤት ላፈላለገልን የደሴ ልጅ የቀረበ ምስጋና

ልጃችን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ምህንድስና ተመርቃ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀርመን አገር ወደምትገኘው ኬምኒትዝ ከተማ ለመሄድ ስትዘጋጅ፣ ከቪዛው ይልቅ ያስጨነቀን የምታርፍበት ቤት ነበር። ለአንዲት ብቻዋን ለምትኖር ሴት ልጅ የሚሆንና አቅማችን የሚችለውን ቤት ደሴ ሆኖ መከራየት ይቻላል ብለን አላሰብንም። ይህን ያደረገልን በፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሰነድ ትርጉም ሥራ የሚሠራ፣ እሱ ራሱም ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ወንድማችን ነው። ስሙ በአደባባይ እንዳይነሳ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አክብሬያለሁ፤ ሥራውን ግን ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን ቤቱ የት ይሁን ወይም ምን ይምሰል ብሎ ሳይሆን፣ ልጅቷ በወር እጇ ላይ የሚገባው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ፣ ሌላ ዋስትና ከሌለው፣ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ ከዚያም ላይ በየወሩ ሊያወጣ የሚችለው 992 ዩሮ ብቻ ነው። ይህን ገንዘብ ያሟላነው ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ፣ ሳዑዲ ያለችው አክስቷም ትልቁን ድርሻ ሸፍናልን ስለሆነ፣ እያንዳንዷ ዩሮ ስንት ሰው እንደለፋባት እናውቃለን። ወንድማችን ወረቀት አወጣና የጤና መድኑን፣ ምግቡንና የትምህርት ወጪውን እየቀነሰ ለቤት ሊወጣ የሚገባው ጣሪያ የት ላይ እንደሆነ አሳየን። ማስታወቂያ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የቤቱ ብቻ ኪራይ፣ ጀርመኖች ካልትሚተ የሚሉት እንደሆነ፣ ማሞቂያው፣ ውኃው፣ የቆሻሻና የደረጃ ጽዳቱ ሲጨመር ሒሳቡ ከፍ እንደሚል፣ መብራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህም ውጪ ተከራዩ ራሱ ውል የሚገባበት እንደሆነ የተረዳነው በዚህ ጊዜ ነው። በየቤቱ የሚከፈለውን በወር ከ18 ዩሮ በላይ የሆነ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያም ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያካፍለው የለም። እነዚህ ሁሉ ሳይደመሩ ሁለት ቤቶችን ማወዳደር አይቻልም።

በዚያው ሰሞን ልጃችን ከከተማዋ መሀል፣ ከነሙሉ ዕቃው፣ ዋጋው ለማመን በሚያስቸግር መጠን ርካሽ የሆነ ቤት ማስታወቂያ አገኘች። ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው እርሱ ሌላ አገር እንደሚኖር፣ መያዣው እንደተላከለት ቁልፉን በፖስታ እንደሚልክ ጻፈላት። ወንድማችን ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ «ጋሼ፣ ቤቱን ሰው ሳያየው፣ ውሉ ሳይፈረም ሳንቲም አይወጣም» አለኝ፤ እኛም ተውነው። በጀርመን ሕግ የመኖሪያ ቤት መያዣ ከሦስት ወር የቤቱ ብቻ ኪራይ ሊበልጥ እንደማይችልና ተከራዩ በሦስት እኩል ወርኃዊ ክፍያ የመክፈል መብት እንዳለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮም የድለላውን ዋጋ የሚከፍለው ደላላውን ያዘዘው ወገን እንደሆነ የነገረን እርሱ ነው። ደላላ ከተከራይም ከአከራይም በሚቀበልበት ከተማ ለምንኖር ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ነበር፤ አንድ አገናኝ የኮሚሽን ጥያቄ ባቀረበላት ጊዜ ልጃችን ማን እንዳዘዘው በትሕትና የጠየቀችውም ይህን አውቃ ነው።

በመጨረሻ የተገኘው ቤት የአንድ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነው። ኬምኒትዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1990 ካርል ማርክስ ሽታት ትባል የነበረች የኢንዱስትሪ ከተማ ስትሆን፣ ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ፋብሪካዎች እየተዘጉ ብዙ ነዋሪ ስለለቀቃት፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን በብዛት ከተገነቡት ፎቆች ብዙዎቹ ባዶ ቀርተው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ኪራይዋ እንደ ሙኒክ ካሉ ከተሞች እጅግ ያነሰ ነው። በማኅበር ቤት የሚኖር ሰው አባል ሆኖ ድርሻ ይገዛል፤ በብዙዎቹ ማኅበራት ድርሻው በመያዣ ፋንታ የሚያገለግል ሲሆን፣ አባልነቱ ሲያበቃ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን በለቀቁበት ዕለት ሳይሆን የሒሳብ ዓመቱ ተዘግቶ ነው። ወንድማችን ይህንንም ሳይደብቅ ነገረን፤ ሲወጡ ገንዘቡ ወዲያው በእጅ እንደሚገባ ብናስብ ኖሮ ኋላ እንቸገር ነበር።

ቤቱን ሄዶ ያየልን እዚያው የሚኖር የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። ቧንቧውን ከፍቶ፣ ማሞቂያውን ነክቶ፣ በመስኮቱ ጥግ እርጥበት እንዳለ ፈትሾ፣ ሁሉን በቪዲዮ ቀርጾ ላከልን። በዚያ አገር ብዙ ቤቶች ያለ ምድጃ፣ ያለ አምፖል እንኳ ባዶ ስለሚከራዩ፣ ማእድ ቤቱ ውስጥ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ መኖሩን ለይቶ አሳየን። ቤቱ አንድ ክፍል ከማእድ ቤትና ከመታጠቢያ ጋር ነው፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ ዋጋው ረከስ ያለውም በዚህ ጭምር ነው። ለእርሷ ይህ አላስቸገራትም፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ዳገት አይፈራም።

ውሉን ከልጃችንና ከእኔ ጋር ተቀምጦ በየአንቀጹ እየተረጎመ አነበበልን። ቤቱን ለመልቀቅ አስቀድሞ ማሳወቅ የሚያስፈልገው ከሦስት ወር በፊት መሆኑን፣ ለተወሰነ ጊዜ ቤቱን ከመልቀቅ የሚከለክል አንቀጽ አለመኖሩን፣ አከራዩም ለነዋሪነት ምዝገባ የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ስላለበትና የመኖሪያ ፈቃዱም ሆነ ሌላው ጉዳይ ከአድራሻው ጋር ስለሚያያዝ፣ መመዝገብ አይቻልም የሚል አከራይ ዋጋው ምንም ቢረክስ እንዲታለፍ አጥብቆ ይመክራል።

ለዚህ ሁሉ የተቀበለን የውሉን ትርጉም ክፍያ ብቻ ነው። ተጨማሪ ብንሰጠው አልወስድም አለ፤ ጓደኛውም ልጃችን ይዛለት ከሄደችው ቡናና በርበሬ በቀር ምንም አልተቀበለም። በከተማችን ለቪዛ ጉዳይ ብዙ ሺህ ብር የሚከፍል ወላጅ ለቤቱ ጉዳይ ግን እዚያው ስትደርስ ታገኛለች ብሎ ይተወዋል፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም። ፈጣሪ ለዚህ ልጅ ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ ወላጆቹንም ባሳደጉት ልጅ ያስደስታቸው።

እርሱ ቪዛ አያስጨርስም፣ ቤት በእርግጠኝነት አገኛለሁ ብሎም ቃል አይገባም። የክረምቱ ሴሚስተር የሚጀምረው በኦክቶበር በመሆኑ በዚያ ወቅት ቤት ፈላጊው ይበዛል፤ ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤው እንደደረሰ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ይሻላል። ደብዳቤውን፣ ፓስፖርቱን፣ በወር የሚኖረውን ገንዘብ የሚያሳይ ማስረጃና የሚቆይበትን ጊዜ ይዞ የሚሄድ ሰው ሥራውን ያቀልለታል። ቦታውን ለማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እርሱን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።