ቤት ሆናችሁ ለምትሠሩ፦ የዋንዛ ጠረጴዛዬ

የአዲስ አበባ ድርጅት ሒሳብ ከጅማ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የታክሲ ሰልፍ የለም፣ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ነኝ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ልቤ ከሥራው ሸፈተ። አልጋ ላይ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር የምሠራው፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሥራው እዚያው፣ ማታ ስተኛም እዚያው፣ መቼ እንደጀመርኩና መቼ እንደጨረስኩ ሳላውቀው ይመሻል። ስብሰባ ላይ ካሜራ ማጥፋት ጀመርኩ። ቀጥሎ ዝም ማለት። አለቃዬ «ደህና ነሽ ግን?» ብሎ እስኪደውል ድረስ።

ያኔ ነው ሄርማታ አካባቢ ወዳለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የሄድኩት። ባለሙያው ትልቅ ሰው ናቸው። «ቤት ሆኜ ነው የምሠራው ጋሼ» ስላቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ክንዴን አሳጥፈው ከክርኔ እስከ መሬት በሜትር ለኩ። «ትከሻሽ ከፍ ካለ እስከ ማታ አትቆዪም ልጄ» አሉኝ።

ጠረጴዛው ዋንዛ ነው፣ 12 ሺህ ብር። ጠርዙ በደንብ ስለተላገ ክንድ አይቆርጥም። የቻርጀር ገመድ ማለፊያ ቀዳዳም ሳልጠይቃቸው በስተውልኛል። ቅሬታ አለኝ ግን፤ በሁለት ሳምንት ብለው በወሩ ነው ያደረሱት፣ መሳቢያውም ክረምት ሲገባ አብጦ አልከፈት አለ። ስደውል ልጃቸውን ልከው በነፃ አስላጉልኝ።

ያ መሳቢያ ነው ለእኔ ትልቁ ነገር። ጠዋት 2፡30 እከፍተዋለሁ፣ 11 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ከትቼ እቆልፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቴ ቤቴ ነው። ጠዋት ስቀመጥም እንደድሮው ሥራው ይናፍቀኛል፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

የሰው ናፍቆቱን ጠረጴዛ አያስታግሰውም። የቻይናው የጉዞ ወኪል ድርጅት ትሪፕ ዶት ኮም በ1,612 ሠራተኞቹ ላይ ባደረገው ሙከራ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት የሠሩት ሰዎች ሥራ መልቀቅ በሲሶ ቀንሷል፤ ሦስቱን ቀን ግን ቢሮ ነበሩ። የእኔ ቢሮ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ቢያንስ ካሜራዬን አላጠፋም፣ በየሁለት ወሩም አውቶቡስ ይዤ እሄዳለሁ።

ልታሠሩ ካሰባችሁ ክረምት ሳይገባ እዘዙ፣ እንጨቱ በደንብ መድረቁን ጠይቁ፣ ላፕቶፓችሁንም ይዛችሁ ሂዱና በእሱ ልክ ይሥሩላችሁ። እኔ ወንበሩንም አዝዣለሁ።